ያገለገለ ካሜራ ገበያ፦ ሻጩ የማይናገረውን ፎቶው ይናገራል

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከዚያም ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ፎቶ ቤት ማግኘት አያስቸግርም። ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ኅትመትና ፍሬም የዘወትር እንጀራ ናቸው። ዳጎስ ያለው ገንዘብ ያለው ግን ሠርግ ላይ ነው። በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጥሩ ካሜራ ያለው ወጣት ሥራ አያጣም። ካሜራ የሌለው ደግሞ ወይ ይከራያል፣ ወይ የሌላ ሰው ረዳት ሆኖ መብራት ይይዛል።

ካሜራ መግዛት ድሮም ቀላል አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ግን የባሰ ከብዷል። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ካሜራ አገር ውስጥ የሚመረት ዕቃ ስላልሆነ የምንዛሪው ጭማሪ በቀጥታ ወደ ዋጋው ይገባል። በዚህም ምክንያት አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅም ያጣው ጀማሪ ፊቱን ወደ ያገለገለ ካሜራ ማዞሩ አያስገርምም።

ያገለገለ ካሜራ ገበያ ከያገለገለ መኪና ገበያ ጋር ይመሳሰላል፤ አንድ ልዩነት አለው። መኪና ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ በዳሽቦርዱ ላይ ይነበባል። ካሜራ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ግን በአካሉ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ጎማው ያልተላጠ፣ መስታወቱ ያልተጫረ ካሜራ ይዞ የቀረበ ሻጭ «ወንድሜ፣ ለቤት ብቻ ነው የተሠራበት» ቢል ገዢው ከማመንና ካለማመን ሌላ ምርጫ ያለው አይመስለውም። አለው እንጂ። ካሜራው ራሱ በሚያነሳው በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ መዝገብ ይጽፋል። መዝገቡን የሚያነብ ሶፍትዌር ደግሞ በነጻ ይገኛል።

መዝገቡ ሜታዳታ ይባላል፤ ስለ መረጃው የተጻፈ መረጃ ማለት ነው። ዲጂታል ፎቶ አንድ ፋይል ነው። በፋይሉ ውስጥ ዓይን የሚያየው ምስል አለ፤ ከምስሉ በፊት ደግሞ ዓይን የማያየው ጽሑፍ ተቀምጧል። የጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 ኤክሲፍ የተባለውን ደረጃ ሲያወጣ ዓላማው የተለያዩ ፋብሪካዎች ካሜራዎች ይህንን ጽሑፍ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲጽፉት ነበር። ደረጃው በየጊዜው ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2023 ሦስተኛ ዕትሙ ላይ ደርሷል። የካሜራው ፋብሪካና ሞዴል፣ ፎቶው የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ ሻተሩ የቆየበት የሰከንድ ክፋይ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ፍላሽ በርቶ እንደነበረ፣ በስልክ ከተነሳም አካባቢው ሳይቀር እዚያ ይጻፋል።

ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ የሚጽፈው ክፍል አለ። አጻጻፉ በደረጃው አልተወሰነም፤ ፋብሪካዎቹም አያብራሩትም። ለገበያው ዋናው ነገር የሚገኘው ግን እዚህ ውስጥ ነው፤ ይኸውም ሻተር ካውንት ነው።

ሻተር ብርሃንን ለቅጽበት አስገብቶ የሚዘጋ ስስ መጋረጃ ነው። ማሽን ስለሆነ ያረጃል። ፋብሪካዎች ለሙያ ካሜራዎቻቸው ሻተሩ ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንዲዘጋ ተፈትኖ እንደተሠራ ይገልጻሉ። ለምሳሌ የካኖን 6ዲ 100 ሺህ፣ የካኖን 5ዲ ማርክ 3 እና የኒኮን ዲ750 እያንዳንዳቸው 150 ሺህ፣ የኒኮን ዲ850 ደግሞ 200 ሺህ ነው። ቁጥሩ የዋስትና ወረቀት አይደለም። ከዚያ በታች የሚሰበር አለ፤ እጥፉን የሚሠራም አለ። ይሁን እንጂ ዕቃው የዕድሜውን ስንት እጅ እንደጨረሰ ለመገመት ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም።

ሂሳቡን መሥራት ይቻላል። ሁለት አንድ ዓይነት ካሜራዎች ለገበያ ቀረቡ፣ የሁለቱም ሻተር በ150 ሺህ የተገመተ ነው፣ በሁለቱም ላይ 60 ሺህ ብር ተጠየቀ እንበል። የመጀመሪያው 40 ሺህ ጊዜ፣ ሁለተኛው 120 ሺህ ጊዜ ተነስቶበታል። ለመጀመሪያው 110 ሺህ ቀርቶታል፤ ለገዢው አንድ ፎቶ ወደ 55 ሳንቲም ያህል ይወጣበታል። ለሁለተኛው የቀረው 30 ሺህ ብቻ ስለሆነ አንዱ ፎቶ 2 ብር ይሆናል። በአንድ ሠርግ 2 ሺህ ጊዜ የሚያነሳ ባለሙያ በመጀመሪያው 55 ሠርግ፣ በሁለተኛው 15 ሠርግ ይሠራል። ሁለቱን ካሜራዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን ልዩነታቸውን በዓይኑ ሊያይ አይችልም። አንዳንዴም ብዙ የሠራው በጥሩ ቦርሳ ስለተያዘ ከሌላው የበለጠ አዲስ ይመስላል።

እዚህ ላይ ገዢዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ካሜራው ለፎቶዎች የሚሰጠው የፋይል ስም ቁጥር አለው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር የሻተሩ ቁጥር አድርጎ ይወስደዋል፤ አንዳንድ ሻጭም «ይኸው፣ ገና 1200 ነው» ሲል ይህንኑ ያሳያል። የፋይል ቁጥሩ 9999 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከ1 ይጀምራል፤ በካሜራው ሜኑ ላይም በፈለጉት ጊዜ ወደ መነሻው ማስመለስ ይቻላል። ስለዚህ 1200 የሚል ስም ያለው ፎቶ 1200ኛው፣ 11 ሺህኛው ወይም 101 ሺህኛው ሊሆን ይችላል።

እውነተኛውን ቁጥር ለማየት ተገቢው ሶፍትዌር ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ፎቶውን በቀኝ ክሊክ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያም ዲቴይልስ የሚለውን መክፈት መሠረታዊውን መረጃ ያሳያል። በአይፎን ከ2021ዱ አይኦኤስ 15 ወዲህ፣ በአንድሮይድ ደግሞ በጎግል ፎቶስ ፎቶውን ወደ ላይ በመግፋት ቀኑንና ሞዴሉን ማየት ይቻላል። ኦስትሪያ የሚኖረው የቦስኒያ ተወላጅ ኢርፋን ሽኪልያን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ኢርፋንቪውም በብዙ ፎቶ ቤቶች ለሚገኝ አሮጌ ኮምፒውተር የማይከብድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እነዚህ ግን ፋብሪካው ለራሱ የጻፈውን ክፍል በሙሉ አይፈቱም።

የሚፈታው ኤክሲፍቱል ነው። ካናዳዊው ፊል ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ2003 አውጥቶ ለረጅም ዓመታት ሲያሻሽለው የቆየ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዋጋ አይጠየቅበትም። መልኩ አያምርም። በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሠራ ስለሆነ ለጀማሪ ያስፈራል። በዊንዶውስ ላይ ግን የፎቶውን ፋይል ጎትቶ በፕሮግራሙ ምልክት ላይ መጣል ይበቃል፤ ከመቶ የሚበልጥ መስመር ይዘረግፋል። ገዢው ከዚያ ውስጥ ሻተር ካውንት የሚለውን መስመር ይፈልጋል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ይህም መስመር በሚቆራረጥበት ቀን ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ድረ ገጾችም አሉ፤ ነገር ግን የደንበኛን የሠርግ ፎቶ ወደማያውቁት ሰው ኮምፒውተር መላክ ስለሚሆን ለፎቶ ቤት አይመከርም።

ሁሉም ካሜራ እኩል አይናገርም። ኒኮን ቁጥሩን በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ይጽፋል። ፔንታክስም እንዲሁ። የሶኒ ብዙ ሞዴሎች የሚጽፉ ሲሆን፣ ኤክሲፍቱል የብዙዎቹን ይፈታል። አብዛኞቹ የካኖን ካሜራዎች ግን በፎቶው ውስጥ አይጽፉትም፤ ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሌላ ፕሮግራም መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ይህም በሁሉም ሞዴል ላይ አይሠራም። ካኖን ይዞ ለመጣ ሻጭ «ኤክሲፍቱል ምንም አላሳየኝም፣ አታለልከኝ» ማለት ስለዚህ ተገቢ አይደለም።

ፎቶውም ከካሜራው እንደወጣ መሆን አለበት። በላይትሩም ተሠርቶ የወጣ ፎቶ የካሜራውን ሞዴል ቢያሳይም የፋብሪካው ክፍል ይቀርበታል። ቀኑን፣ ቦታውንና ሌላውንም ጽሑፍ መለወጥ የሚቻል ነው፤ ኤክሲፍቱል ራሱ ይህን ያደርጋል። በመሆኑም ሻጩ ያዘጋጀውን ፎቶ ተቀብሎ ከማንበብ ይልቅ ገዢው የራሱን ሚሞሪ ካርድ አስገብቶ፣ አንድ ፎቶ ራሱ አንስቶ፣ ካርዱን አውጥቶ ቢያነብ ይሻላል። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩ የማይነግረውም አለ፦ ውኃ የገባበት ካሜራ፣ አቧራ የያዘው ሴንሰር፣ ለብዙ ሰዓት ቪዲዮ ሲቀዳ የዋለ ዕቃ ሻተሩ ትንሽ ሠርቶ ሊገኝ ይችላል። በአዳዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ላይ በኤሌክትሮኒክ ሻተር የሚነሱ ፎቶዎችም መጋረጃውን አያንቀሳቅሱም።

ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህ ገበያ እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ምን እንደሚከተል አሳይቷል፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎችም አንዱ ሆኗል። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው በመካከለኛ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ዕቃውን ቤቱ ያስቀምጣል። ገበያው ለመጥፎው ይቀራል፤ ገዢውም ዋጋውን እንደገና ያወርዳል። «ያገለገለ ካሜራ አትግዛ፣ ይሸውዱሃል» የሚለው የተለመደ ምክር የዚህ ውጤት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ማሳየት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሐቀኛውን ሻጭ ነው። 40 ሺህ ያሳየ ካሜራ ያለው ሰው ቁጥሩን ሳይጠየቅ ቢያቀርብ ከጎረቤቱ የበለጠ ዋጋ ለመጠየቅ ምክንያት አለው። ዝም ያለውም በዝምታው ይመዘናል።

ችግሩ ግብይቱ በአብዛኛው በቴሌግራም መሆኑ ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልኩ መጠኑን ይቀንሳሉ፤ ሲቀንሱም መዝገቡን ያጠፉታል። ገዢው እንዲህ የደረሰውን ፎቶ በየትኛውም ሶፍትዌር ቢከፍት ባዶ ነው። ሻጩ ፎቶውን በፋይል መልክ እንዲልክ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ እንዳለ ይደርሳል። ፋይሉ ከፍ ስለሚል ጥቂት ተጨማሪ ሜጋባይት ይበላል፤ በ60 ሺህ ብር ግዥ ላይ ግን ወጪ ተብሎ አይቆጠርም።

ይኸው ዘዴ ከካሜራ ገበያ ውጭም ገንዘብ ያድናል። በውጭ አገር የሚኖር ሰው በዓለም ባንክ ወይም በቤቴል አካባቢ ቤት ሊያሠራ ለዘመድ ገንዘብ ይልካል እንበል። የእህት ልጅ «ጋሼ፣ ኮለኑ ቆሟል፣ ለጣሪያው ላክ» ይልና ፎቶ ያያይዛል። ፎቶው በፋይል ከተላከ መቼ እንደተነሳ፣ የስልኩ የቦታ መጠቆሚያ ክፍት ከነበረም የት እንደተነሳ ይነበባል። የክፍለ ከተማው አካባቢ በ9 ዲግሪ ሰሜንና በ38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ዙሪያ ይገኛል። ከነጥቡ በኋላ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር 11 ሜትር ያህል ልዩነት ስለሚያሳይ የራስን ቦታ ከጎረቤት መንደር ለመለየት ይበቃል። ሆኖም የቦታው መስመር ባዶ ሆኖ ቢገኝ የእህትን ልጅ ሌባ ማለት አይገባም። ብዙ ሰው መጠቆሚያውን ዘግቶ ነው የሚውለው፤ በፎቅና በቆርቆሮ መካከልም ስልኩ በአሥር ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል።

ለነገሩ የዚህ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የአንድ ፎቶ ቀን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመማር ሶፍትዌር አላስፈለገውም። ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሲስተናገዱ ቤቱ በ1988 ዓ.ም. የአየር ካርታ ላይ ይታያል ወይ፣ በ1997 ዓ.ም. የመስመር ካርታ ላይስ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ የስንቱን ቤተሰብ ዕጣ ወስኗል።

ቀኑን በማንበብ ረገድ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካሜራ የሚጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠርና በፈረንጆች ሰዓት ነው። 2025:01:26 10:30 የሚል መስመር ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ 4፡30 ማለት ነው። ካሜራው ግን የሚጽፈው ባለቤቱ የሞላለትን ሰዓት ነው። ባለቤቱ በኢትዮጵያ ሰዓት ቢሞላው ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሳው ፎቶ 03:00 ተብሎ ይጻፋል፤ ይህንን ያነበበ ሌላ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው ይላል። ከጃፓን መጥቶ ሰዓቱ ያልተስተካከለ ካሜራ ደግሞ 6 ሰዓት ይቀድማል፤ የዚያው ጠዋት ፎቶ 15:00 ተጽፎበት ከቀኑ 9 ሰዓት የተነሳ ይመስላል። የውስጥ ባትሪው የሞተበት ካሜራ ከናካቴው ከዓመታት በፊት ወደነበረ ጥር ወር ሊመለስ ይችላል። የሰዓት ቀጠናን የሚመዘግብ መስመር በኤክሲፍ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ ካሜራዎች የየት አገር ሰዓት እንደሆነ አይናገሩም። ውዝግብ ሲነሳ ቀኑን ብቻ ይዞ መሟገት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ውድቅ እንዳይሆን ቢደነግግም፣ መዝገቡ እውነት መሆኑን ማስረዳት የባለጉዳዩ ሥራ ነው።

መዝገቡ ለጠያቂው የሚጠቅመውን ያህል ባለቤቱን ሊጎዳም ይችላል። በቤሊዝ ፖሊስ ለጥያቄ ይፈለግ የነበረው የሶፍትዌር ባለሀብት ጆን ማካፊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 የተደበቀበት አገር የታወቀው ቫይስ የተባለው መጽሔት ባወጣው ፎቶ ውስጥ የስልኩ የቦታ መጠቆሚያ ሳይጠፋ በመቅረቱ ነው፤ ጓቲማላ ሆኖ ተገኘ። ቴሌቪዥኑን ወይም ወርቋን ለመሸጥ ሳሎን ውስጥ ፎቶ አንስታ በፋይል የምትልክ የቤት እመቤትም ሳታውቅ የቤቷን አድራሻ ትሰጣለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በስልኩ የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ሎኬሽን የሚለውን መዝጋት ነው። የደንበኞቻቸውን የልጅና የሠርግ ፎቶ በኮምፒውተር የሚያጠራቅሙ ፎቶ ቤቶች ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ቢያስታውሱ አይከፋም።

በመጨረሻ ካሜራ የተሰረቀበት ሰው የሚያገኘው ጥቅም አለ። ብዙዎቹ የሙያ ካሜራዎች የቦዲያቸውን ሲሪያል ቁጥር በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ይጽፋሉ፤ የሌንሱንም የሚጨምሩ አሉ። ካርቶኑና ደረሰኙ የጠፋበት ባለንብረት በኮምፒውተሩ ከቀረው አንድ የቆየ ፎቶ ቁጥሩን አውጥቶ ለፖሊስ ሊያመለክት ይችላል። ገዢውም ይህንኑ ማድረግ ይገባዋል። በካሜራው ሥር የተለጠፈው ቁጥር ፎቶው ውስጥ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ አንድም ቅርፊቱ ተቀይሯል፣ አንድም ታሪኩ ሌላ ነው፤ ቀብድ ከመክፈል በፊት ሻጩን ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከገጠመም በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ከዋጋው ጎን የቦዲው ቁጥር፣ የሌንሱ ቁጥርና በዕለቱ የተነበበው ሻተር ካውንት ተጽፈው ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበታል።